ልብ ወለድ እንደ ማስረጃ፦ የኮምፒዩተር ጠለፋ በድርሰትና በገሃዱ ዓለም

ልብ ወለድ የገሃዱ ዓለም ነጸብራቅ ነው የሚለውን ሐሳብ ተማሪ ሳለሁ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ መምህር ከሆንኩ ወዲህም ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። በዚህ አነጋገር ገሃዱ ዓለም ይቀድማል፤ ድርሰቱ መስተዋት ይዞ ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል እንድጠራጠር ያደረገኝ ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት እጅግ የራቀ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተር ጠለፋ ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሰቱ ከድርጊቱ ቀድሞ የተገኘባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ከዚህም በላይ መሐንዲስ፣ ፕሬዚዳንት፣ ሕግ አውጪና ፖሊስ ልብ ወለድን እንዴት እንዳነበቡት የሚያሳይ መዝገብ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የአነባበብ ጉዳይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። አማርኛችን ለዚህ ድርጊት «ጠለፋ»ን ሲሰጥ ልጃገረድን ከመንገድ፣ አውሮፕላንን ከሰማይ የሚነጥቀውን ቃል ነው የሰጠው። ጉልበት አለበት፤ ድንገተኛነት አለበት። «ሃከር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ግን አነሣሡ ከወንጀል አልነበረም። በ1960ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ዘንድ ከማሽን ጋር በብልሃት የሚጫወት ሰው ማለት ነበር። በሕዝብ ጆሮ ወደ ወንጀለኛነት ያዘነበለው በተለይ ከ1983 ወዲህ ሲሆን ለዚህም አንድ ፊልም ትልቅ ድርሻ አለው። እኛ ጉዳዩን የሰማነው ካዘነበለ በኋላ ስለሆነ ጨዋታውን አላወቅነውም፤ ነጠቃውን ብቻ ተረከብን።

ወደ ፊልሙ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ መጽሐፍ አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ብረነር በ1975 «ዘ ሾክዌቭ ራይደር» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዜጋውን ሁሉ በመረጃ መረብ ከሚከታተል መንግሥት ስሙንና ማንነቱን እየለዋወጠ የሚሸሽ ሰው ነው፤ በመጨረሻም በመረቡ ውስጥ ራሱን እያባዛ የሚጓዝ ፕሮግራም ይለቃል። ብረነር ይህን ፕሮግራም የሰየመው በሆድ ውስጥ በሚኖረው ትል፣ እኛ ኮሶ በምንለው ነው። ምሳሌው ለእኛ ሰው ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም፤ ቁራጩ ቢወጣም ራሱ እስካልወጣ ድረስ ኮሶ መልሶ እንደሚያድግ እናቶቻችን ያውቁታልና።

ከዚያ በኋላ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ከተማ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ጆን ሾክና ጆን ሀፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ሌሊት ሥራ ፈተው በሚያድሩ ኮምፒዩተሮች ላይ እየተዘዋወረ የሚሠራ ፕሮግራም ሞከሩ። በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ ፕሮግራሙን «ትል» ብለው ሲጠሩት ስሙን ከብረነር መውሰዳቸውን ገልጸዋል። ዓላማቸው በጎ ነበር፤ ይሁንና አንድ ሌሊት ትሉ ተበላሽቶ ኮምፒዩተሮቹን እየጣለ አደረ። ኅዳር 2 ቀን 1988 ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ፕሮግራም በወቅቱ በተሰጠው ግምት ወደ 6,000 የሚሆኑ ኮምፒዩተሮችን አወከ። እሱም «ትል» ተባለ። ሞሪስ በ1990 ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቶ የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ 400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ተፈረደበት። እንግዲህ ቃሉ ከልብ ወለድ ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራም ወደ ፍርድ ቤት ተጓዘ ማለት ነው። በጉዞው ላይ የጠፋ ነገር አለ። በብረነር መጽሐፍ ትሉ ባለ ሥልጣናት የደበቁትን ለሕዝብ የሚያወጣ የነጻነት መሣሪያ ነበር። ስሙ ተሻገረ፤ ትርጉሙ ማዶ ቀረ።

ስለ ዊልያም ጊብሰንና በ1984 ስለወጣው «ኒውሮማንሰር» ብዙ ስለተጻፈ አልፈዋለሁ። «ሳይበርስፔስ» የሚለውን ቃል ያስፋፋው ይህ ደራሲ ስለ ኮምፒዩተር ያለው ዕውቀት ጥቂት እንደነበረና መጽሐፉንም በእጅ መተየቢያ እንደጻፈው ማስታወስ ብቻ ይበቃል።

«ዎር ጌምስ» የተባለው ፊልም በጆን ባድሃም አዘጋጅነት በሰኔ 1983 ለእይታ ቀረበ። ዳዊት የተባለ የሲያትል ከተማ ታዳጊ የኮምፒዩተር ጨዋታ ፍለጋ ስልክ ቁጥሮችን በሞደም በተራ ሲደውል ሳያውቀው የጦር ኃይሉን ኮምፒዩተር ያገኛል፤ ዓለምም ለኒውክሌር ጦርነት ትቃረባለች። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው ከዚያ ቀደም ብሎ የሚታየው ትንሽ ትዕይንት ነው። ልጁ የትምህርት ቤቱን የይለፍ ቃል ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከተጻፈበት ወረቀት አይቶ፣ ቤቱ ገብቶ የራሱንና የጓደኛውን ውጤት ይቀይራል። ወደዚህ ትዕይንት በኋላ እመለሳለሁ።

የፊልሙ ደራስያን ላውረንስ ላስከርና ዋልተር ፓርክስ ነገሩ ሊሆን ይችል እንደሆነ የጠየቁት በራንድ ኮርፖሬሽን የሚሠራውን ዊሊስ ዌርን ነው። ዌር በመረብ የተያያዙ ኮምፒዩተሮች ምሥጢር ለመጠበቅ እንደሚያስቸግሩ በ1967 ጽፎ ነበር። ጽሑፉን ያነበቡት ጥቂት የሙያ ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙን ግን ፕሬዚዳንት ሬገን ፊልሙ በወጣ ሰሞን በካምፕ ዴቪድ ተመለከቱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ ታሪኩን ከተረኩ በኋላ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙን ጄኔራል ቬሲን እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥ ሊሆን ይችላልን ሲሉ ጠየቋቸው። ጄኔራሉ ከሳምንት በኋላ ይዘው የመጡት መልስ ችግሩ ከታሰበው የባሰ ነው የሚል ነበር። መስከረም 17 ቀን 1984 ስለ ኮምፒዩተር ደኅንነት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታዊ መመሪያ ተፈረመ።

ሬገን ሐያሲ አልነበሩም፤ የፊልም ተዋናይ ግን ነበሩ። አነባበባቸውን አደንቃለሁ። «ይህ ሆኗልን?» አላሉም፤ «ይህን ያሰበው ማነው?» ብለውም ደራስያኑን አላስጠሩም። የጠየቁት «ይህ ሊሆን ይችላልን?» ብለው ነው። አርስቶትል ለባለቅኔ የሰጠው ሥራ የሆነውን ሳይሆን ሊሆን የሚችለውን መናገር እንደነበረ ስናስታውስ፣ ጥያቄው ለልብ ወለድ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ሕግ አውጪዎቹ ግን አንድ እርምጃ አልፈው ሄዱ። በዚያው በጋ በሚልዋኪ ከተማ አካባቢ፣ በስልክ ኮዳቸው «414» የሚባሉ ወጣቶች የሎስ አላሞስን ቤተ ሙከራና በኒው ዮርክ የሚገኘውን የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ጨምሮ ወደ ብዙ ተቋማት ኮምፒዩተር መግባታቸው ተደረሰበት። በመስከረም የተወካዮች ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር ከፊልሙ የተቆረጠ ክፍል በአዳራሹ ታየ። በ1984 ለወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ የቀረበው የምክር ቤት ሪፖርትም ፊልሙ ስልክ የመደወሉን ዘዴ በትክክል እንደሚያሳይ ጠቅሷል። ሕጉ በ1986 ተሻሽሎና ሰፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ጠላፊዎቹም በበኩላቸው ቁጥሮችን በተራ የመደወሉን ዘዴ ከፊልሙ ስም ወስደው «ዎር ዳይሊንግ» አሉት። አሳዳጁም ተሳዳጁም ቃሉን ከአንድ ድርሰት ቀዱ።

ከስምም አልፎ ማንነትን ከልብ ወለድ የወሰደ አለ። የምዕራብ ጀርመኑ ወጣት ካርል ኮኽ በጠላፊነት ዘመኑ ራሱን «ሀግባርድ» ይል ነበር፤ ይህ «ኢሉሚናቱስ» በተባለው ባለ ሦስት ክፍል ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። እሱ የነበረበት ቡድን ከአሜሪካ ኮምፒዩተሮች የቃረመውን ለሶቪየት የስለላ ድርጅት ይሸጥ ነበር። ኮኽ በ1989 በ23 ዓመቱ ሞተ። ቡድኑ የተደረሰበት በጀብዱ አልነበረም። በካሊፎርኒያ የሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ክሊፎርድ ስቶል በ1986 የ75 ሳንቲም የሒሳብ ጉድለት ከየት እንደመጣ ሲፈልግ ነው ዱካውን ያገኘው።

75 ሳንቲሟ ወደ ዋናው ሐሳቤ ታደርሰኛለች። ፊልሙ በሩን በትክክል አይቶታል፤ የሚገባበትን ሰው ግን አላየውም። በሩ የስልክ መስመርና ወረቀት ላይ የተጻፈ የይለፍ ቃል ነው። «414»ዎችም የገቡት ፋብሪካው አስቀምጧቸው ማንም ሳይቀይራቸው በቀሩ የይለፍ ቃሎች ነበር። ብቻውን የሚሠራው፣ ልቡ ቅን የሆነው ሊቅ ታዳጊ ግን ድርሰት ጀግና ስለሚያስፈልገው የመጣ ነው። በየካቲት 2016 በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ላይ የደረሰውን እንመልከት። መንገዱ የተከፈተው ሥራ ፈላጊ መስሎ ለሠራተኞች በተላከ ኢሜይል ነው። ሌቦቹ ባንኩ በኒው ዮርክ ካለው ሒሳብ 951 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲተላለፍ አዘዙ፤ 81 ሚሊዮኑ ማኒላ ደርሶ ቀረ። ወደ ስሪ ላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን የተያዘው ደግሞ «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል ፊደሉ ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው። ተማሪዎቼን በፊደል ግድፈት ነጥብ ስቀንስባቸው ይህን እነግራቸዋለሁ።

የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2018 ይፋ ያደረገው ክስ ይህን ዝርፊያና በ2014 በሶኒ ፒክቸርስ ላይ የደረሰውን ጥቃት ለአንድ የሰሜን ኮሪያ ቡድን ሰጥቷል፤ ሰሜን ኮሪያ አስተባብላለች። ሶኒ ያዘጋጀው «ዘ ኢንተርቪው» የአገሪቱ መሪ ሲገደሉ የሚያሳይ አስቂኝ ፊልም ነበር፤ መንግሥታቸውም ለእይታ መቅረቡን አስቀድሞ የጦርነት ድርጊት ብሎት ነበር። ቧልት እንደ ጦር መሣሪያ ተነበበ ማለት ነው።

ድርሰትን እንደ ድርጊት መቁጠር ግን የአምባገነኖች ብቻ ልማድ አይደለም፤ ለዚህ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። መጋቢት 1 ቀን 1990 የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ ባልደረቦች በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ስቲቭ ጃክሰን ጌምስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ፈተሹ። ድርጅቱ የሚያሳትመው ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ገጸ ባሕርያትን እየሆኑ የሚጫወቱባቸውን መጻሕፍት ነው። ፖሊሶቹ የመጡት ከአንድ የስልክ ኩባንያ ስለተወሰደ ሰነድ ሲሆን ከያዟቸው ኮምፒዩተሮች ጋር «ገርፕስ ሳይበርፐንክ» የተባለውን ያልታተመ መጽሐፍ ረቂቅ ወሰዱ። የድርጅቱ ባለቤት እንደተናገረው፣ ረቂቁ እንዲመለስለት ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ መጽሐፉ የኮምፒዩተር ወንጀል መማሪያ ነው የሚል ነበር። በረቂቁ ውስጥ ያሉት ጠላፊዎች አእምሯቸውን በሽቦ ከማሽን ጋር የሚያገናኙ የመጪው ዘመን ሰዎች ናቸው! ድርጅቱ ከሠራተኞቹ ገሚስ ያህሉን አሰናበተ። ክስ ግን አልቀረበበትም። በተቃራኒው በ1993 ዳኛ ሳም ስፓርክስ መንግሥት ሕግ መጣሱን ወስነው ከ50,000 ዶላር በላይ ካሳ ፈረዱለት። መጽሐፉም በዚያው በ1990 ታትሞ የወጣ ሲሆን በፖሊስ ተይዞ የነበረ መሆኑ ሽፋኑ ላይ ተጽፎበታል።

ይህን ሳነብ የመጀመሪያ ስሜቴ ሳቅ ነበር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ የሆነውን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስታወስ አያሻም፤ እኛ ይህን የአነባበብ ዐይነት ከሩቅ አገር ታሪክ መማር አያስፈልገንም። ሳቄ የቆመው ግን በ«ኦሮማይ» አይደለም፤ የራሴ ሥራ ትዝ ብሎኝ ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል። የፈጠራ ድርሰት ኮርስ ሳስተምር አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አጭር ልብ ወለድ አስረከበችኝ። አባቷ የሞተባት ልጅ ከትምህርት ልትባረር ስትል ጓደኛዋ ሬጅስትራር ቢሮ ገብታ፣ ከኪቦርዱ ሥር የተለጠፈውን የይለፍ ቃል አይታ ውጤቷን ትቀይርላታለች። የምትቀይረው ከ«ኤፍ» ወደ «ዲ» ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለመጨመር እጇ ይፈራል። ይህች «ዲ» ዛሬ ሳስባት የድርሰቱ ምርጥ ዝርዝር ነበረች። ያኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በወረቀቱ ላይ ነው። ልጅቷን ቢሮዬ ጠራኋት።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ ነው መምህር።»

«ወረቀቱንስ?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው መምህር» አለችና አቀረቀረች።

ጉዳዩን ለሚመለከታቸው ተናገርኩ። ኃላፊነት መስሎኝ ነበር። ተመረመረ፤ የተነካ ውጤት አልተገኘም። ከአንዱ ኪቦርድ ሥር ግን የይለፍ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ተገኘ። ይህ ግኝት መመስገን ሲገባት ጥርጣሬውን አባሰባት፤ ሁለት ጊዜ ተጠርታ ተጠየቀች። ጄኔራሉ ያመጡት ዐይነት መልስ በእጄ ነበር፤ እኔ ግን የፕሬዚዳንቱን ሳይሆን የፖሊሶቹን ጥያቄ ነበር የጠየቅሁት።

ልጅቷ ድርሰቷን ይለውጥልኝ ብላ መልሳ ወሰደችውና በምትኩ ስለ ክረምት ሌላ ጽፋ አመጣች። ዝናብ አለ፤ ጭጋግ አለ፤ የቆሎ ሽታ አለ፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። «ኤ» ሰጠኋት። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው በእጄ የለም፤ ቅጂ አላስቀረሁም።