ኳስ ያጣላቸው ሰዎች

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ አብሮ አደግ አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቶ ወገቡ እምቢ ሲለው ሐኪሙ «በእግርህ ሂድ» አለውና ጎልፍ ጀመረ። ልጠይቀው የሄድኩ ጊዜ «ና፣ ኳስ ገዝተን እንምጣ» ብሎ ይዞኝ ወጣ።

እኔ ኳስ መግዛት ማለት ገብተህ «ኳስ አለ?» ብለህ፣ ከፍለህ መውጣት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጉዱ ሌላ ነው! ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የኳስ ካርቶን ነው። አንዱ ለስላሳ ነኝ ይላል፣ አንዱ ሩቅ እሄዳለሁ ይላል፣ ሌላው ሣሩ ላይ ስወድቅ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ ይላል። ሻጩ ልጅ መጣና ጓደኛዬን «ዱላህን የምትሰነዝርበት ፍጥነት ስንት ነው?» አለው። ልጆች ሆነን ለገና ሩር ስንለጋ ፍጥነታችንን የለካ ሰው አልነበረምና እርስ በርስ ተያየን። ጓደኛዬ ላለማፈር ብሎ ውዱን መረጠ፤ ደርዘኑን ከሃምሳ ዶላር በላይ። በማግስቱ ሦስቱን ኩሬ ውስጥ ከተታቸው።

«ለእኔ የሚሆነው ኳስ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ስኮትላንድ ውስጥ ጌታና ሎሌ አለያይቷል።

እኛ ሰፈር ኳስ የምንሠራው አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ነበር። የድሮዎቹ ስኮትላንዶችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። የቆዳ ከረጢት ይሰፉና የተቀቀለ የዝይ ላባ በብረት ዘንግ ይጠቀጥቁበታል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላባው ሲደርቅ ይነፋል፣ ኳሱም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጎበዝ ሠራተኛ በቀን ሦስት ወይ አራት ቢያወጣ ነው። ስለዚህ ውድ ነበር። ዝናብ ከመታው ደግሞ ይከብድና ስፌቱ ይፈታል።

የዚህ ሙያ ባለቤት የሴንት አንድሩሱ አለን ሮበርትሰን ነው። በዘመኑ ከእሱ የሚበልጥ ተጫዋች የለም ይባል ነበር። በእ.ኤ.አ. 1844 ከአውደ ጥናቱ ሳይሆን፣ ይቅርታ፣ ከጠባቧ ሱቁ 2,456 የላባ ኳስ ወጥቷል። ከሥሩ ቶም ሞሪስ የሚባል ወጣት ነበረው። ከልጅነቱ ጀምሮ አስተምሮታል፣ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጫወታሉ።

በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ መጣ። ከማላያ አካባቢ ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው። ፍል ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ በእጅ ታድቦለቡለዋለህ፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ዝናብ አይፈራም፤ ቢጣመም መልሰህ ታሞቀዋለህ። ዋጋውም ከላባው ጋር አይወዳደርም። የዕለት እንጀራውን በዘንግ እየጠቀጠቀ ለሚያወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሮበርትሰን ልጆች ከቁጥቋጦ የሚለቅሙለትን የሙጫ ኳስ እየገዛ እሳት ውስጥ ይጨምር ነበር ይባላል።

ታዲያ አንድ ቀን ቶም ሜዳ ላይ ኳስ አለቀበት። አብሮት የሚጫወተው ሰው «እስቲ ይህን ሞክረው» ብሎ አዲሱን ሰጠው። ሞከረው፤ ተስማማው። ወሬው ግን ከቶም ቀድሞ ጌታው ጆሮ ገባ። እኛ አገር በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም ይባላል፤ እዚያ ግን ጌታው ተቆጣ። ሱቁ ውስጥ ቃል ተለዋወጡና ተለያዩ። ቶም በ1851 ፕሬስትዊክ ወደሚባል ቦታ ሥራ ይዞ ሄደ።

ሮበርትሰን ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልፈርድበትም። ፈርቶ ነው። ደግሞም መጀመሪያ ላይ ያዋጣዋል የሚያሰኝ ነገር ነበረ፤ አዲሱ ኳስ ልሙጥ ስለነበር ጥቂት በሮ አፍንጫውን ይደፋል። ኋላ ግን ተጫዋቾቹ አንድ ነገር አዩ። ተመትቶ የተቧጨረው አሮጌ ኳስ ከአዲሱ ይልቅ ደህና ይበራል! ሠሪዎቹም ገና ከሱቅ ሳይወጣ በመዶሻ ያጎደጉዱት ጀመር። ዛሬ ኳሱ ላይ የምናያቸው ጎድጓዶች ዘራቸው ይኸው ነው፤ አየሩ ከኳሱ ቶሎ እንዳይላቀቅ ይይዙታል፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይልም ይቀንሳል። ሮበርትሰንም በመጨረሻ እጁን ሰጥቶ የሙጫ ኳስ ሠራ። በ1858 ሴንት አንድሩስን በ79 ምት ጨረሰ፤ እዚያ ከሰማንያ በታች የወረደ የመጀመሪያው ሰው ነው ይሉታል።

ሃምሳ ዓመት አለፈና ሙጫውም በተራው ተፈራጅ ሆነ። ኮበርን ሃስኬል የሚባል አሜሪካዊ ኦሃዮ ውስጥ የላስቲክ ክር ጠምጥሞ ኳስ ሠራ፤ ፈቃዱንም በ1899 አወጣ። የዘመኑ አውራ ሃሪ ቫርደን ግን በስሙ የወጣ የሙጫ ኳስ ነበረውና በ1900 አሜሪካ ድረስ ሄዶ አስተዋውቆለታል። በ1902 ሆይሌክ በተደረገው የእንግሊዝ ኦፕን ሳንዲ ኸርድ አዲሱን ኳስ ሲነቅፍ ከርሞ፣ በልምምድ ላይ አንድ ተውሶ መታው። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፣ በእሱ ተጫወተ። ቫርደንን በአንድ ምት በለጠው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ስለ ኳስ ያውቃሉ፤ አንደኛው ግን ስሙ ኳሱ ላይ ተጽፏል።

የክሩም ዘመን በተራው አልፏል። በጥቅምት 2000 ላስ ቬጋስ ላይ ታይትሊስት ፕሮ ቪ ዋን ሲወጣ አርባ ሰባት ተጫዋቾች በአንድ ውድድር የያዙትን ጥለው እሱን አነሡ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ እየነገርኩት መለማመጃው ሜዳ ሄድን። ውዱን፣ ርካሹንና ከኩሬ የወጣ አሮጌ ይዘናል። በትልቁ ዱላ ሲመታቸው ልዩነታቸውን ለማየት መነጽር ያስፈልጋል። ጉድጓዱ አጠገብ በአጭር ምት ሲሆን ግን ሽፋኑ ዩሪቴን የሆነው ውዱ ነክሶ ይቆማል፤ ሽፋኑ ደረቅ የሆነው ርካሹ ይንከባለላል። ሻጩ ስለ ፍጥነት ጠየቀው እንጂ ስለዚህ አልጠየቀውም።

«ርካሹ ይበቃኛል» አለ። «ኩሬው እስኪርቀኝ።»

ከዚያ ቁጭ አልንና ዝም አለ። ይህ ሰው ከአንድ የታክሲ ባልደረባው ጋር ዓመታት ተኳርፏል። ምክንያቱም ያኛው በስልክ የሚጠራ መኪና መንዳት ቀድሞ ስለጀመረ ነው። «ከዳን» ይል ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ራሱም ስልኩን መኪናው ላይ ለጠፈ።

«እነዚያ ሰዎች ታዲያ ታረቁ?» አለኝ።

«ሮበርትሰን በ1859 ገና በ43 ዓመቱ ሞተ» አልኩት። «በዓመቱ ከእሱ ቀጥሎ ማን ይበልጣል ብለው ውድድር አደረጉ፤ ዛሬ ኦፕን የሚባለው ነው። ቦታው ፕሬስትዊክ፣ ቶም የሚሠራበት ሜዳ። ሁለተኛ ወጣ፤ ኋላ ግን አራት ጊዜ አሸንፏል።»

«እኔ የጠየቅኩህ ታረቁ ወይ ነው» አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።