የጨረር ሕክምና ዕቅድ በትክክል መሰጠቱ እንዴት ይረጋገጣል? መረጃ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ነዋሪዎች

የጨረር ሕክምና የካንሰር ሕዋሳትን ከፍተኛ ኃይል ባለው ጨረር የማጥፊያ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በኮባልት-60 መሣሪያ ተጀምሮ፣ ቆይቶም በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሊኒየር አክሰለሬተር በተባለው መሣሪያ መሰጠት ጀምሯል። ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከለጋምቦና ከሳይንት የሚሄዱ ታካሚዎች ከቤታቸው ርቀው ለሳምንታት ስለሚቆዩ፣ የሕክምናውን ሂደት አስቀድመው ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

የሕክምና ዕቅድ ምንድን ነው?

የካንሰር ስፔሻሊስት ሐኪሙ በሲቲ ስካን ምስል ላይ የሚታከመውን ዕጢና ከጨረር የሚጠበቁትን ጤናማ አካላት ይለያል። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው የጨረሩን አቅጣጫና መጠን ያሰላል። መጠኑ የሚለካው በግሬይ ነው። ለምሳሌ ለማህፀን በር ካንሰር ከውጭ የሚሰጠው ጨረር ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ግሬይ ሲሆን፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በ5 ሳምንት ገደማ ተከፋፍሎ ይሰጣል።

ትክክለኛነቱ አስቀድሞ የሚታወቀው እንዴት ነው?

* በመሣሪያ ፍተሻ፦ የመሣሪያው የጨረር መጠን በየጊዜው ይለካል። የኮባልት-60 ኃይል በ5.3 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የሕክምናው ደቂቃ በዚያው ልክ ይረዝማል፤ ይህ ስሕተት አይደለም።
* በቅድመ ሕክምና ልኬት፦ ውስብስብ ዕቅዶች በታካሚው ላይ ከመዋላቸው በፊት የሰውን አካል በሚተካ የመለኪያ ቁስ ላይ ይሞከራሉ። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ በ3 በመቶ የመጠንና በ2 ሚሊሜትር የቦታ ልዩነት ገደብ ሲመዘን ከተለኩት ነጥቦች ቢያንስ 95 በመቶው ከዕቅዱ ጋር መስማማት አለባቸው።
* በኮምፒውተር ትንበያ፦ የጨረር ቦታው ሲጠብና ቅርጹ ሲወሳሰብ ዕቅዱ በትክክል ላይፈጸም የሚችልበት ዕድል ይጨምራል። ካለፉ ልኬቶች የተማሩ ፕሮግራሞች እንዲህ ያሉ ዕቅዶችን ከልኬቱ በፊት ይጠቁማሉ። ትንበያው ግን ልኬቱን አይተካም።

ከታካሚው የሚጠበቅ

ፍተሻው ሁሉ የሚጠቅመው የታካሚው አካል ዕቅዱ ሲወጣ እንደነበረው ሲሆን ነው። ስለዚህ ታካሚው፦

* በቆዳው ላይ የተደረገውን ምልክት አያጥብም፤ ከደበዘዘም ራሱ ሳይቀባ ለባለሙያ ያሳውቃል።
* ጨረሩ በሚሰጥበት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል።
* ክብደቱ ከቀነሰ ወይም በዐቢይ ጾም፣ በረመዳንና በሌሎች አጽዋማት መጾም ካሰበ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክራል።
* ቀጠሮ አያቋርጥም። ሕክምናው ሲጓተት በተለይ በማህፀን በር፣ በራስና በአንገት ካንሰር ላይ ውጤቱ ይቀንሳል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ታካሚው በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ተመርምሮ በሪፈራል ሰንሰለቱ መሠረት ይላካል። ሲሄድ የሪፈራል ወረቀቱን፣ የናሙና ምርመራ ውጤቱን፣ የተነሣቸውን ምስሎችና መታወቂያውን ይይዛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ የአባልነት ደብተራቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል። ሕክምናው ሳምንታት ስለሚወስድ ማረፊያና አስታማሚ ከጉዞ በፊት ማዘጋጀት ይገባል።

ታካሚዎች ዕቅዳቸው እንዴት እንደተረጋገጠ የመጠየቅና በሚገባቸው ቋንቋ ማብራሪያ የማግኘት መብት አላቸው።