ከበሬ ሜዳ እስከ ሳሎን

እኛ አገር ውሻ ሲባል ቦታው በር ላይ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ከገበታ የተረፈውን ይበላል፣ ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል። እንግሊዝ አገር የሚያድጉት የወገኖቻችን ልጆች ግን “ውሻ ግዙልን” ሲሉ ሶፋ ላይ የሚተኛውን ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ከሚያርፍባቸው አንዱ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየር፣ በቁልምጫው “ስታፊ”፣ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሁሌ የሚስቅ የሚመስል ውሻ ነው። ወላጅ አይቶት ይደነግጣል፤ ልጅ አቅፎ ይስመዋል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወደኋላ መሄድ አለብን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩ የሚጀምረው ከበሬ ነው። በእንግሊዝ ከተሞች በሬ በካስማ ታስሮ ውሻ ይለቀቅበት ነበር። ውሻው የበሬውን አፍንጫ ነክሶ ከያዘ አይለቅም፤ ሕዝቡ ከቦ ይወራረዳል። ሥጋው ይለሰልሳል ተብሎ ስለሚታመን፣ በሬ ሳይነከስ እንዳይታረድ የሚያዝ የከተማ ደንብ ሁሉ ነበር (ጉድ እኮ ነው!)። ለዚህ ሥራ የተራባው የድሮው ቡልዶግ ነው፤ ዛሬ ትንፋሽ ከሚያጥረው አፍንጫ ደፍጣጣ የተለየ፣ ቀልጣፋ ውሻ።

በ1835 የፓርላማ አባሉ ጆሴፍ ፒዝ ያቀረቡት ሕግ ጸደቀና በሬ ማስነከስም ውሻ ማዋጋትም ተከለከለ። ሕጉ በሬውን አዳነው፤ ውሻውን ግን አላዳነውም። በሬ አደባባይ ይፈልጋል፤ ሁለት ውሻ ለማዋጋት ግን የመጠጥ ቤት ምድር ቤት ይበቃል። ቁማርተኛው ወደዚያው ወረደ። ቡልዶግ ብርቱ ነው፤ ቴሪየር ደግሞ አይጥና ቀበሮ አሳዳጅ፣ ፈጣንና እልኸኛ። ቀድሞም የነበረው የሁለቱ ቅልቅል አሁን ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። የስታፊ አያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በውጊያው ጊዜ ባለቤቶቹና ዳኛው አብረው ሜዳው ውስጥ ይገባሉ፤ የደማውንም ውሻ በእጃቸው ያነሳሉ። ስለዚህ ሰው የሚነክስ ውሻ አይፈለግም ነበር። ስለ ዝርያው የጻፉ ብዙዎች የሰው ወዳድነቱን ምንጭ ከዚህ ያያይዙታል። ይህ ማብራሪያ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያስኬደናል ባይ ነን፤ ሰው የሚወድ ውሻ፣ ውሻም ይወዳል ማለት አይደለምና። ስታፊ መናፈሻ ውስጥ በሰላም ሲጫወት ቆይቶ፣ ሌላ ውሻ ሲያጉረመርምበት ደሙ ሊፈላ ይችላል።

የእንግሊዙ ኬነል ክለብ ለዝርያው ዕውቅና የሰጠው በ1935 ነው። በዚያው ዓመት የዝርያው ማኅበር ክራድሊ ሂዝ በተባለች፣ ሰንሰለት በመሥራት በምትታወቅ ከተማ ተመሠረተ። ቁማር የፈጠረው ውሻ የሠራተኛው ሰፈር የቤት ልጅ ሆነ። ታዲያ በዚያው ተረት ተከተለ። የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሰዎች “ሞግዚት ውሻ” ይሉት ነበር የሚባለውን አትመኑ፤ ቅጽሉ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የትኛውም ውሻ ሞግዚት ሆኖ አያውቅም፤ ትንሽ ልጅም ከውሻ ጋር ብቻውን አይተውም።

በ1991 ደግሞ የአደገኛ ውሾች ሕግ መጣ፤ ፒት ቡልን ጨምሮ አራት ዓይነት ውሾች ታገዱ። ስታፊ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ችግሩ፣ ፒት ቡል መሆን የሚወሰነው በዘር ሐረግ ሳይሆን በመልክና በልኬት ነው፤ የስታፊ ክልስ ተጠርጥሮ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። በየካቲት 2024 ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለውን ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝም በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል ሆነ። እንደ 1835ቱ ሁሉ፣ ውሻው ይታገዳል፤ ሰውየው ሌላ ውሻ ይፈልጋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ወንዱ ከ13 እስከ 17 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ጉልበቱ ግን በሬ ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ካልተራመደና ካልሮጠ ጉልበቱን በጫማችሁና በሶፋችሁ ላይ ይወጣል። ቡችላ ሳለ፣ እስከ 14 ሳምንቱ ድረስ፣ ሰውም ሌላ ውሻም መኪናም ይልመድ። በዱላ የሚሠለጥን እንዳይመስላችሁ፤ ሕመምን ችሎ እንዲቀጥል ተመርጦ የተራባ ውሻ በዱላ አይመለስም። በቁራጭ ሥጋና በምስጋና ግን ብዙ ይማራል። ወጥ አይሰጠው! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ስትገዙ ደግሞ አርቢውን የወላጆቹን የዘር ምርመራ ውጤት ጠይቁ፤ ኤል ቱ ኤች ጂ ኤ የተባለው የአእምሮ ሕመምና በዘር የሚተላለፈው የዓይን ሞራ በምርመራ ይታወቃሉ።

የሐበሻ ቤት እንግዳ አያጣም። ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ውሻችሁ በገዛ ሳሎናችሁ ውስጥ እንግዳ ቢነክስ እንኳ ልትከሰሱ ትችላላችሁ። ደወል ሲደወል ስታፊውን ሌላ ክፍል አስገቡት፤ እንግዳው ተቀምጦ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ቤቱ ረጋ ሲል በገመዱ ይዛችሁ አውጡት።