ደመና ወደ ፎቶግራፍ እንዴት እንደ ገባ

ለትምህርት ቤታችን የኢዮቤልዩ በዓል አሮጌ ፎቶግራፎችን እንዲለቅሙ ከታዘዙት ተማሪዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ከተገኙት ሁሉ ትልቁ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከነመምህራኖቻቸው በሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈው የተነሡት ነው። ፊታቸው፣ የካኪ ልብሳቸው፣ የእግራቸው አቧራ ሳይቀር ይታያል፤ ከራሳቸው በላይ ያለው ሰማይ ግን እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነጭ ነው። እኔም የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር ብዬ፣ በሰልፉ ውስጥ ለነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ፎቶግራፉን ባሳያቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ምን ጥርት ያለ! ደመናው ተቆልሎብን፣ ዝናብ ሳይደርስ ቶሎ ቁሙ እየተባልን ነው የተነሣነው» አሉኝ።

ታዲያ ያ ደመና የት ሄደ? ይህን ለማወቅ ስል ማንበብ ጀመርሁ፤ ያገኘሁትንም ለአንባቢዎቼ ላካፍል። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ካሜራ ከመፈልሰፉ በፊት ነው። በ1802 ሉክ ሃዋርድ የተባለ፣ በለንደን መድኃኒት እየቀመመ የሚኖር ሰው፣ ለጓደኞቹ ማኅበር ባደረገው ንግግር ለደመና ዓይነቶች ስም አወጣ። ስሞቹን የወሰደው ከላቲን ቋንቋ ነው። ኩሙለስ ማለት ክምር ማለት ነው፤ በአውድማ ዳር የጤፍ ክምር ላየ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስትራተስ የተነጠፈ፣ ሲረስ ደግሞ የፀጉር ዘለላ ማለት ነው። እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

ስሙ ከወጣ በኋላ መልኩን መያዝ ቀረ። ፎቶግራፍ በ1839 ለሕዝብ ሲገለጥ ይህን ያደርጋል ብሎ ተስፋ ማድረግ የሚገባ ነበር። ዳሩ ግን የካሜራ ዓይን እንደ ሰው ዓይን አልነበረም። ከ1851 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ኮሎዲዮን የተቀባ መስተዋት የሚያየው ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ነው፤ ቀይን አያይም። ስለዚህ ሰማያዊው ሰማይና ነጩ ደመና ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው ይወጣሉ። የምድሩ አረንጓዴ ዛፍና ቡናማ አፈር ግን እስኪቀረጽ ድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ለመሬቱ ሲጠብቅ ሰማዩ ይበላሽበታል፤ ለሰማዩ ሲቸኩል መሬቱ ይጠቁርበታል። የጀምበር መጥለቅማ የባሰ ነበር፤ እኛን የሚያስደስተን ያ ፍም የመሰለ ቀይ ለመስተዋቱ ጨለማ ነው።

ከዚህ ችግር ጋር ከታገሉት ሁሉ እኔን የማረከኝ ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ ሥዕል የተማረ ነበር። በ1856 እና በ1857 ወደ ባሕር ዳርቻ ወርዶ ባሕርንና ሰማይን አነሣ። ባሕሩ ራሱ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ እንደ ዛፍና እንደ አፈር ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ለአንዳንዶቹ ግን ይህም አልበቃ ስላለው ሌላ ብልሃት ፈጠረ፤ ለባሕሩ አንድ መስተዋት፣ ለሰማዩ ሌላ መስተዋት አንሥቶ ሁለቱን በአድማሱ ላይ አጋጥሞ በአንድ ወረቀት አተማቸው። በደቡብ ፈረንሳይ በሴት ወደብ የተነሣው «ታላቁ ማዕበል» የሚባለው ፎቶግራፍ እንዲህ የተሠራ ነው። ሥራዎቹን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ግን አንድ ነገር ያገኛል፤ አንዱ ደመና በተለያዩ ባሕሮች ላይ ተመልሶ ይመጣል!

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ አሰብሁ። ሰውዬው አታላይ ነውን? ደመናው እውነተኛ ነው፤ ባሕሩም እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ ያለው ሁለቱ በተገናኙበት መሥመር ላይ ብቻ ነው። ደግሞ ያንን ሰማይ በዓይኑ አይቶ መስተዋቱ የካደው ሰው ምን ያድርግ? እኔ አልፈረድሁበትም። ኑሮ ግን ፈረደችበት፤ በ1860 ዕዳውንና ቤተ ሰቡን ትቶ ከደራሲው ከአሌክሳንደር ዱማ ጋር በመርከብ ሄደ፤ በ1884 ካይሮ ውስጥ ሞተ። በ1999 «ታላቁ ማዕበል» በጨረታ ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ።

እርሱ ከመሞቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1883 ክራካታው የተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ በኢንዶኔዥያ ፈነዳ። ወደ ላይ የወጣው ብናኝ ዓለምን ዞረና በኤውሮፓ የምሽቱ ሰማይ ለወራት እንደ እሳት ቀላ። ይህንንም ቀለም የሚይዝ ካሜራ አልነበረም። ዊልያም አስክሮፍት የተባለ ሠዓሊ ግን በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር ቆሞ በቀለም ጠመኔ ከ500 በላይ ንድፎች ሠራ። ሰማዩ በየደቂቃው እየተለወጠበት እጁ እንዴት ተጣድፎ ይሆን!

መድኃኒቱ የተገኘው በኬሚስቶች ዘንድ ነው። በ1873 በበርሊን ሄርማን ፎግል የተባለ ሊቅ መስተዋቱ በማቅለሚያ ቢነከር ሌላውንም ብርሃን ማየት እንደሚጀምር ደረሰበት። በ1906 ቀለማቱን ሁሉ የሚያይ መስተዋት በእንግሊዝ አገር ለገበያ ቀረበ። ከፊቱ ቢጫ መስተዋት ሲደረግበት ሰማያዊው ይጠቁርና ደመናው ነጥሮ ይወጣል። በ1907 ደግሞ የሊሚዬር ወንድማማቾች በባለቀለም ፎቶግራፍ መጡ፤ ቀለሙን የሚለይላቸውም የተቀለመ የድንች ዱቄት ቅንጣት ነበር። የጀምበርን መጥለቅ ለፎቶግራፍ ያበቃው ድንች ነው ብል ማን ያምነኛል!

በዚህ መካከል ራልፍ አበርክሮምቢ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ደመና በየአገሩ አንድ ዓይነት መሆኑን ለማየት ዓለምን እየዞረ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። በ1896 የብዙ አገር ሊቃውንት ተስማምተው የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የደመና አትላስ አሳተሙ። በአሜሪካ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ከ1922 ጀምሮ ከ200 የሚበልጡ የደመና ፎቶግራፎች አነሣ። ምክንያቱ ያስቃል፤ አንድ ሐያሲ የሥራው ኃይል የሚነሡለትን ሰዎች ከማፍዘዙ የመጣ ነው ስላለው፣ ማንም ሊያፈዘው የማይችለውን ደመናን መረጠ። ደመና ለሁሉ የተሰጠና ገና ቀረጥ ያልተጣለበት መሆኑንም በጽሑፉ አስታውሷል። አትላሱም በ2017 ሲታደስ አስፔሪታስ የሚባል፣ የተናወጠ ባሕር ተገልብጦ የተሰቀለ የሚመስል የደመና ዓይነት ተጨመረበት፤ ይህ ስም እንዲወጣ ያደረጉት ሊቃውንት ሳይሆኑ በየደጃቸው ፎቶግራፍ ያነሡ ተራ ሰዎች ናቸው።

ወደ እኛ ፎቶግራፍ ልመለስ። የትምህርት ቤታችን ፎቶግራፍ ሲነሣ ፊልም ቀለማቱን ሁሉ ማየት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ነገር ግን በዳመነው ቀን የተማሪዎቹ ፊት በጥላ ውስጥ ነበር፤ ከኋላቸው ያለው ሰማይ ግን ያበራል። አንሺው ለፊታቸው በቂ ብርሃን ሲሰጥ ሰማዩን ሠዋ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበትና ልጆቹን መረጠ። የዛሬ የእጅ ስልክ ይህን ምርጫ ያስቀራል፤ በቅጽበት ብዙ ጊዜ አንሥቶ፣ ለ ግሬ በሁለት መስተዋት የሠራውን በራሱ ያጋጥመዋል።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስንሰበሰብ አንድ ጓደኛችን በኮምፒዩተር ጥሩ ደመና እንጨምርበት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ክርክሩ ረዘመ፤ ለ ግሬን እያነሣሁ ስለ ነበር የሚደግፈው መስሎት ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን ተቃወምሁ። ለ ግሬ ራሱ ያየውን ሰማይ ነው የጨመረው፤ እኛ የዚያን ቀን ደመና አላየነውም። ያዩት መምህራችን ሲጠየቁም፣ «ተዉት፤ እኔ አስታውሰዋለሁ» አሉ።

ስለዚህ ፎቶግራፉ ሰማዩ እንደ ነጣ ታትሟል። ከአጠገቡ ያለው እኔ ዘንድሮ በነሐሴ ከዚያው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ያነሣሁት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ዝናቡ አባርቶ፣ ክምሩ ደመና ከሥሩ ቀልቶ ይታያል። ሰው የለበትም፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር።