ወጥ የፊት አክስል ያላቸው ፎር ዊል ድራይቭ መኪኖች በወልድያ አካባቢ

ወጥ የፊት አክስል የግራውንና የቀኙን የፊት ጎማ በአንድ ጠንካራ የብረት ቱቦ አያይዞ የሚይዝ አሠራር ነው። ዲፈረንሻሉና ኃይሉን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱት ዘንጎች በቱቦው ውስጥ ይቀመጣሉ። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ቱቦው ያዘነብልና ሌላኛውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ኢንዲፔንደንት በሚባለው አሠራር ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ በራሱ ክንድ ላይ ለብቻው ይወጣል፣ ይወርዳል። በኢትዮጵያ ወጥ የፊት አክስል ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ነው፤ በተለይም ሃርድቶፕ የሚባለው 78ና ፒክአፑ 79። በገጠር ወረዳዎች የሚሠሩ አምቡላንሶችም አብዛኛውን ጊዜ 78 ናቸው።

ወልድያ የመንገዶች መጋጠሚያ ናት። ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አንዱ መንገድ በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣና መቀሌ ይወጣል፤ ሌላው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው፣ የድልብን ዳገት ወጥቶ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ይደርሳል። ከደሴ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወልድያ በሚያደርሰው አስፋልት ላይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ወጥ አክስል የሚሰጠው ጥቅም የለም። ይልቁንም ያደክመዋል። ከባዱ አክስል ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚዘል፣ መኪናው ባዶ ሲሆን የመንገዱን ጉድለት ሁሉ ወደ ወንበሩ ያደርሳል፤ መሪውም በፍጥነት ላይ እንደ አዲሶቹ መኪኖች ልቅም ያለ አይደለም።

ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ከዋናው መንገድ ሲገነጠሉ ነገሩ ይለወጣል። በምዕራብ በኩል ጥርጊያው ተረተሩን ተከትሎ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በምሥራቅ በኩል ወደ ጊራናና ወደ አፋር ወሰን ሲወርዱ ሜዳው ዋልካ ነው። በጋ ላይ አሸዋና ጠጠር ብቻ የሆነው ወንዝ፣ በክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ደራሽ ይዞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይፈለጋሉ፦ ጭነት ሲበዛ ከመሬት ያለው ከፍታ የማይቀንስ አክስል፣ እና ሲሰበር በቅርብ ጋራዥ የሚጠገን አካል።

ከፍታውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስበው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ወጥ አክስል መኪናን በራሱ ከፍ አያደርግም፤ የዲፈረንሻሉ ሆድ ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል የጭነት መኪና ጎማ ጥልቅ ቦይ ባወጣበት መንገድ መሃል ያለውን አፈር ሊያርስ ይችላል። ልዩነቱ ያ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት የማይለወጥ መሆኑ ነው፤ የሚወስነው የጎማው መጠን ነው። ኢንዲፔንደንት የሆነ መኪና ግን አሥር ሰውና ሁለት ኩንታል እህል ጭኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አካሉና ዲፈረንሻሉ አብረው ወደ መሬት ይወርዳሉ። ሾፌሩ ባዶ መኪና ይዞ ያለፈውን ድንጋይ ሞልቶ ሲመለስ የሚመታው ለዚህ ነው።

የዚህ አሠራር ታሪክ ከላንድክሩዘር ይቀድማል። ዊሊስ ጂፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ላንድሮቨርና በደርግ ዘመን በብዛት የገባው የሶቪየቱ ዋዝ ሁሉም ወጥ አክስል በባሌስትራ ላይ የተቀመጠላቸው ነበሩ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣውን 40ን በ1984 በ70 ሲተካም ባሌስትራውን አልተወም። ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፦ የ78ና የ79 የፊት አክስል ከባሌስትራ ወደ ሞላ ተዛወረ፤ የኋላው ግን ለጭነት ሲባል በባሌስትራ ቀረ። ስለዚህ ከ1999 በፊት የተሠራው 75ና ከዚያ ወዲህ ያለው 78 በመልክ ቢመሳሰሉም አነዳዳቸው ለየቅል ነው።

ገዢን ከምንም በላይ የሚያሳስተው ላንድክሩዘር የሚለው ስም ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1997 የተሠራው 80 ወጥ የፊት አክስል አለው። እሱን የተካው 100 የለውም፤ ያንኑ አካል የለበሰው 105 ግን አለው። ቪ8 እየተባለ የሚጠራው 200ም ሆነ 300 የላቸውም። ፕራዶ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ኢንዲፔንደንት ሆኗል። ከቶዮታ ውጭ ኒሳን ፓትሮል እስከ ዋይ61 ድረስ ወጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ዋይ62 ግን አይደለም። ላንድሮቨር ዲፌንደርም ምርቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 እስከቆመበት ጊዜ ድረስ ወጥ አክስል ነበረው፤ በኋላ በዚያው ስም የወጣው ሌላ መኪና ነው። አጠራጣሪ ሲሆን ፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል፦ ከጎማ እስከ ጎማ የሚሄድ አንድ ቱቦ ከታየ ወጥ ነው።

በወልድያ ወጥ አክስል የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት፣ በዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ድንጋይ መውጣቱ ሳይሆን ሕመሙን አለመደበቁ ነው። ጎማው የሚዞርበት ክብ ጉልበት በላይና በታች በኩሽኔታ ተይዟል፤ ውስጡ ግራሶ የተሞላ መገጣጠሚያ አለ፤ የአክስሉን ዘይት ከግራሶው የሚለየው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲያልቅ ዘይቱ ግራሶውን ያቀጥነውና ጥቁር ቅባት በጉልበቱ ላይ ይወርዳል። ይህን ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሻጩ ጉልበቱን አጥቦ ካቀረበው ደግሞ መጠራጠር ተገቢ ነው፤ ስስ ቅባት መኖሩ የተለመደ ስለሆነ ፍጹም ደረቅና ንጹሕ ጉልበት አዲስ የተጠገነ ወይም ለገበያ የተወለወለ ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ሕመም የመሪ መንቀጥቀጥ ነው። መኪናው በመካከለኛ ፍጥነት ጉድጓድ ሲመታ መሪው በድንገት ግራና ቀኝ መርገፍገፍ ይጀምራል፤ ሾፌሩ ፍጥነት ካልቀነሰ አይቆምም። ብዙ ጋራዦች የመሪውን ሾክ ቀይረው ይሸኛሉ፤ ሾኩ ግን ምልክቱን ከመሸፈን አያልፍም። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የጉልበቱ ኩሽኔታ መላላት፣ የቴስቲና ማለቅ ወይም አክስሉን ከሻሲ ጋር የሚይዙት ዘንጎች ቦኮላ መበላት ነው፤ የጎማ ባላንስ መዛባትም ያስነሳዋል። የፊት ጎማውን በክሪክ አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ብዙውን ይናገራል። ወንዝ ሲሻገር የኖረ መኪና ከሆነ የዲፈረንሻሉን ዘይት ጥቂት ማውረድ ያስፈልጋል፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

የላንድክሩዘር 70ን ሞተር በሚመለከት በአገሪቱ በብዛት ያለው 1ኤችዜድ የሚባለው 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ለመጠገን ቀላል፣ ለዳገት ግን ዘገምተኛ። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በጋሸና ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ያጣል፤ ጥቁር ጭስም የሚበዛው ያኔ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ ገዢው እንዳልተቀየረ ቢቆጥረው ይሻላል።

ምርጫው ዛሬ ከአዲስ መኪና ይልቅ አገር ውስጥ ባለው ላይ ያተኮረ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች በጨረታ የሚያስወግዷቸው ሃርድቶፖች ተፈላጊ ናቸው። የጨረታ መኪና ብዙውን ጊዜ ሳይነዳ ይሸጣል። ከግለሰብ የሚገዛ ግን ከወልድያ የድልብን ዳገት ወጥቶ ቢመለስ ጥሩ ነው፦ በመውጫው ሞተሩና ፍሪሲዮኑ፣ በመውረጃው ፍሬኑና የፊት አክስሉ ይፈተናሉ። ፎር ዊሉን መሞከር የሚገባው ግን ልቅ አፈር ወይም ጠጠር ላይ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ገብቶ ሹል ኩርባ ሲዞር መኪናው ስለሚታሰር ትራስሚሽኑንና ክሮቸራውን ያስጨንቃል።