ፍራንስዋ ዣኮብ፤ ከጦር ሜዳ ወደ ቤተ ሙከራ

ፍራንስዋ ዣኮብ በ1920 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ ተወለደ። የቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን አስቦ በፓሪስ ሕክምና ሲማር፥ በ1940 የጀርመን ጦር አገሩን ስለ ወረረ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ከጄኔራል ደ ጎል ሠራዊት ጋር ተሰለፈ። በአፍሪካ በሕክምና መኰንንነት ካገለገለ በኋላ በ1944 በኖርማንዲ ክፉኛ ቈሰለ፤ ስለዚህም ቀዶ ጥገና የመሥራት ተስፋው ተቋረጠ።

ሳይንቲስት ያደረገው ይህ ቍስል ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቍስሉ የቀድሞውን መንገድ ዘጋበት እንጂ አዲሱን አላሳየውም። በ1950 ወደ ፓስተር ተቋም ሲገባ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነበር። በዚያም አንድሬ ልዎፍ በባክቴሪያ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖር ቫይረስ፥ ዣክ ሞኖ ደግሞ ባክቴሪያ የወተት ስኳር ሲያገኝ ስለሚሠራው ኤንዛይም ይመረምሩ ነበር። ዣኮብ በ1958 ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓይነት ሥርዓት የሚመሩ መሆናቸውን አስተዋለ። ይኸውም፥ በአንድ ጂን ትእዛዝ የሚሠራ ከልካይ የሌሎቹን ጂኖች ሥራ ይገታል፤ ስኳሩ ሲገኝ ግን ከልካዩ ይለቃቸዋል። ይህን ሐሳብ ከሞኖ ጋር በ1961 በሰፊው ጻፉት፤ ከልካዩም ፕሮቲን መሆኑ በ1966 በሌሎች ተመራማሪዎች ታወቀ። በ1965 ሦስቱም የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ዣኮብ በ2013 ዐረፈ።

እንግዲህ የሊቅን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው መከራውን መቍጠር ብቻ አይበቃውም፤ ከማን ጋር፥ በምን ጥያቄ ላይ እንደ ሠራ ጭምር ሊመረምር ይገባዋል።