ድሮ ፎቶ ቤት ሰው ለምን ደርቆ ይቆም ነበር?

የድሮ የፒያሳ ፎቶዎች ላይ ሰው ሁሉ ደርቆ የቆመው ለምን ይመስላችኋል? ኩራት ብቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክን ያነሡ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1890ዎቹ መጨረሻ ግድም ሥራ ሲጀምሩ፣ ምስል የሚቀረጽበት መስታወት ብርሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ነበር። የብርሃኑን ጉድለት የሚነሣው ሰው ጸጥ ብሎ በመቆም ያካክሰዋል።

ዛሬ አራዳ ውስጥ ጨለም ባለ የትምህርት ቤት አዳራሽ ቅርጫት ኳስ የምትጫወትን ልጅ ግን «ቁሚ» አትሏትም። በሰከንድ 5 ሜትር ብትሮጥ፣ በ1/100 ሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ትጓዛለች፤ ፊቷ ይደበዝዛል። በ1/500 ሰከንድ ግን 1 ሴንቲሜትር ብቻ። ታዲያ የሚገባው ብርሃን አንድ አምስተኛ ይሆናል፤ አይኤስኦውን ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ፎቶው ይሻክራል።

ሌላ መላ አለ፦ የዝላይዋን ጫፍ ጠብቁ። እዚያ ለቅጽበት ወደ ላይም ወደ ታችም አትሄድም። ያኔ ተጫኑ።